የውስጥ መስመር

ራውተራችን ጀርባ ላይ በስኮች የተለጠፈች፣ ከካሬ ደብተር የተቀደደች ወረቀት አለች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአባቴ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ አምስት መስመር ሰፍሮባታል። ከላይ 192.168.1.1፤ ከሥሩ 192.168.1.50፤ ቀጥሎ «ቲሲፒ 3478 – 3480»፤ ከዚያ «ዩዲፒ 3478 – 3479»፤ በመጨረሻም «ወደ ውጭ 430» ይላል። ከተጻፈች ወዲህ ራውተሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ወረቀቷ ግን ከአሮጌው እየተላቀቀች በአዲሱ ላይ ትለጠፋለች።

ሌላ ሰው ቢያያት የሒሳብ ማስታወሻ ትመስለዋለች። እኛ ቤት ግን ወንድሜ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጀሞ የሚገባባት የበር ቁልፍ ናት። ስለ እሷ ከጻፍኩ ስለ አባቴ መጻፌ ነው፤ ሁለቱን መለየት አልችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከድሮው ሰፈራችን፣ ከኮልፌ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከቤታችን ሦስት በር አለፍ ብሎ ፕሌይስቴሽን ቤት ተከፈተ። ቀድሞ ጆተኒ የነበረበት ክፍል ነው። ባለቤቱ መስኮቱን በጨርቅ ጋርዶ፣ ሁለት ቴሌቪዥን ደርድሮ ፕሌይስቴሽን 2 አስገባበት። የምንጫወተው «ዊኒንግ ኢለቨን» የሚባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። እኔ ዘጠነኛ፣ ታናሽ ወንድሜ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ለዳቦ ከሚሰጠን ሳንቲም እየቆጠብን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እንገባለን፤ ገንዘባችን ሲያልቅ ደግሞ ከኋላ ቆመን የሌላውን እናያለን።

ወንድሜ ሲያጠቃ ምላሱን ይነክሳል፤ ሰውነቱም ከጆይስቲኩ ጋር ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይላል። የተቀመጥንበት አግዳሚ ጠባብ ስለነበር ትከሻው ትከሻዬን ሲገፋኝ ኳሱ በየት በኩል እንደሚመጣ አውቅ ነበር። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ሁለት ሜትር የማትሞላ የጆይስቲክ ሽቦ ብቻ ናት። አንዱ ቁልፉን ሲጫን ኳሱ ያኔውኑ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ካጣሁት በኋላ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ወንድሜ ለትምህርት ወደ ጀርመን ሄደ። ለ2010 ዓ.ም. ገና ሲመጣ ከሻንጣው፣ በሹራብ ተጠቅልሎ የመጣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 አወጣ። እሱም እዚያ አንድ አለው። በኢንተርኔት ለመጫወት የሚያስፈልገውን የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክፍያ ከዚህ በኩል መክፈል ስለማልችል እሱ ከዚያ ከፈለልኝ። «ከእንግዲህ በየሳምንቱ ነው የምንገናኘው» ብሎኝ ተመለሰ።

አልተገናኘንም። ግብዣ ይልክልኛል፣ እቀበላለሁ፣ ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ ይዞርና መገናኘት አልተቻለም ይላል። ከስንት አንዴ ብንገናኝ ተጫዋቾቹ ቆመው ይቀሩና ድንገት ሌላ ቦታ ይገኛሉ። እኔ ጥፋቱን ሁሉ በፍጥነት ላይ አሳበብኩ። የእኛ ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው፣ ምን ይደረጋል ብዬ ተውኩት። ማሽኑም ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ እየጠጣ ሁለት ዓመት ኖረ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ሰሞን ጀርመንም በሯን ዘጋች። ወንድሜ በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። አውሮፓ በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ኢንተርኔት ላይ ስለነበረ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ እንኳ መስመሩ እንዳይጨናነቅ በአውሮፓ ጨዋታ የሚወርድበትን ፍጥነት እንደሚቀንስ ያስታወቀው በዚያ መጋቢት ነው። እናቴ በስልክ በደወለች ቁጥር ድምፁን ታዳምጥና ስልኩን ከዘጋች በኋላ «ይኼ ልጅ ደህና አይደለም» ትላለች። አንድ ማታ አባቴ ከሶፋው ሳይነሳ ጠየቀኝ።

«ያ ወንድምህ ያመጣው ማሽን ምን ሆኖ ነው የማይሠራው?»

«አባዬ፣ ኔትወርኩ ነው።»

«ኔትወርኩ ምኑ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ውስጥ የሠራ ቴክኒሻን ነው። ጡረታ የወጣው እኛ ቤት ራውተር ከመግባቱ በፊት ነበር። «ኔትወርክ ነው» የሚለው መልስ ለእሱ ሐኪም «በሽታ ነው» ብሎ እንደመለሰለት ያህል ነው። ተነሥቶ መነጽሩን አደረገና «አሳየኝ» አለ።

ማሽኑን ከፍቼ የኢንተርኔት ፍተሻውን አስጀመርኩ። መጨረሻ ላይ «ኤንኤቲ ታይፕ 3» የሚል ጽሑፍ መጣ። ምን ማለት እንደሆነ አብረን አነበብን። በፕሌይስቴሽን ታይፕ 1 ማለት ማሽኑ ቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዟል፤ 2 ማለት በራውተር በኩል ነው፣ ግን ይደረስበታል፤ 3 ማለት ከውጭ የሚመጣ ሊያገኘው አይችልም። በኤክስቦክስ ይኸው ነገር ክፍት፣ መካከለኛና ጥብቅ ይባላል። የእኛ የእግር ኳስ ጨዋታ ደግሞ የሁለቱን ተጫዋቾች ማሽን ቀጥታ እርስ በርስ የሚያገናኝ ነው። ሁለቱም ወገን 3 ከሆነ የሚንኳኳ በር የለም።

ምክንያቱን ሳስረዳው የአድራሻ እጥረቱን ነገርኩት። በሰፊው የምንጠቀምበት የአይፒ አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቢሆን ነው፤ ለዓለም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ቤት አንድ የውጭ አድራሻ ይሰጠዋል፤ በቤቱ ያሉት ዕቃዎች ደግሞ 192.168 ብሎ የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ይይዛሉ። መካከል ላይ ሆኖ የሚያቀባብለው ራውተሩ ነው። አባቴ ፊቱ በራ።

«ይኼማ የመሥሪያ ቤት ማዞሪያ ነው! አንድ የውጭ መስመር አለ፤ ውስጥ ደግሞ ብዙ የውስጥ መስመር። ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚደውል ችግር የለም። ከውጭ የሚደውለው ግን የማንን የውስጥ መስመር እንደሚፈልግ ካልተናገረ ኦፕሬተሯ ለማን ትስጠው? ትዘጋበታለች እንጂ።»

ሁለት ዓመት ያልገባኝ ነገር ባንድ ዐረፍተ ነገር ገባኝ።

ከዚያ ጥያቄዎቹ ተከታተሉ። መጀመሪያ «ይኼ ዕቃ ስንት ነው?» አለ። ሁለት ነበር። አንዱ በሩ አጠገብ ከስልኩ መስመር ጋር የተያያዘው የኤዲኤስኤል ሞደም፤ ሌላው ዋይፋዩ መኝታ ቤት አልደርስ ሲል ከመርካቶ የገዛሁት ራውተር። ፕሌይስቴሽኑ የተያያዘው ከሁለተኛው ጋር ነው። «ኦፕሬተር ከኦፕሬተር ጀርባ አስቀምጠሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን የውስጥ ቁጥር ያድሉ ስለነበር አንደኛው ስለ ሁለተኛው እንግዳ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በብዙ ቤት ያለው ችግር ይኼ ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። የሁለተኛውን ራውተር ቁጥር አዳይ፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን ዘጋሁት፤ አድራሻውን 192.168.1.2 አደረግሁ፤ ሽቦውንም «ዋን» ከሚለው ብቸኛ ቀዳዳ ነቅዬ ከአራቱ የውስጥ ቀዳዳዎች ባንዱ ሰካሁት። ከዚያ ወዲያ ዋይፋይ አከፋፋይ ብቻ ሆነ። ኦፕሬተራችን አንድ ሆነች።

ሁለተኛው ጥያቄው የበለጠ አስገረመኝ። «የውጭ መስመራችን የብቻችን ነው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር የምንጋራው?» ድሮ ሁለት ደንበኞች አንድ የስልክ መስመር የሚጋሩበት አሠራር ስለነበረ ነው። በኢንተርኔትም አለ። አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ቤቶች የሚያካፍልበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ከሆነ እናንተ ቤት ውስጥ የምትከፍቱት በር የትም አያደርስም። ማወቂያው ይኸውና፦ ራውተሩ ራሱ የውጭ አድራሻዬ ይኼ ነው የሚለውን ተመልከቱ፤ ከውጭ ሲታይ ያለውን አድራሻ ከሚነግር ገጽ ጋር አስተያዩት። አንድ ከሆኑ መስመሩ የብቻችሁ ነው። ራውተሩ ላይ ያለው በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ተጋርታችኋል።

የእኛ አንድ ሆኖ ተገኘ። ወንድሜን በስልክ እያነጋገርን የእሱን አስፈተሽነው። የእሱ የጋራ ነበር። በጀርመን በኬብል ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ብዙ ቤቶች አዲሱ ረጅም የአይፒ አድራሻ ለብቻቸው፣ እጥረት ያለበት አሮጌው ግን ከሌላው ጋር እየተጋሩ የሚሰጣቸው «ዲኤስ ላይት» በሚባል አሠራር ነው። የእሱ መስመር ከእኛ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚንኳኳ በር የለውም። በሩ የሚከፈተው በእኛ በኩል፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ በዚያች ቀርፋፋ የስልክ መስመር ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ ፍጥነትን አልወቅስም ነበር።

አባቴ ግን በር ከመክፈቱ በፊት መንገዱን ማጽዳት ፈለገ። «ይኼን ዕቃ በአየር ነው የምታገናኘው?» አለ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ዋይፋይ የሚይዘው በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርትዝ የመጣው ከእሱ በኋላ በወጡት ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ በዚያ ሞገድ ላይ የማይጮኽ ጎረቤት የለም፤ ማይክሮዌቩም ያውከዋል። እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ሁሉም ከላይ እስከ ታች ተይዘው ነበር። «ሽቦ» አለ አባቴ፣ በአጭሩ።

ማስክ አድርጌ መርካቶ ሄድኩና አሥራ አምስት ሜትር የኔትወርክ ኬብል፣ ጥቂት ማያያዣና መቆንጠጫ ገዝቼ መጣሁ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፈ። የውጩን ልባስ በምላጭ ዙሪያውን ነክቶ ሲስበው ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ሹሩባ ተጠማዝዘው ወጡ። ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፤ እያንዳንዳቸው ከነጭ ጓደኛቸው ጋር። ዝም ብሎ አያቸው።

«እነዚህን አውቃቸዋለሁ» አለኝ።

እድሜውን ሙሉ ሲያገናኛቸው የኖረው የስልክ ኬብል ጥንዶች በዚሁ ቅደም ተከተል የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሰማያዊ አንድ፣ ብርቱካን ሁለት፣ አረንጓዴ ሦስት፣ ቡናማ አራት። የቀለሙን አደራደር ከስልኬ አነበብኩለት፤ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴዎቹ ለምን ተለያይተው ሰማያዊዎቹን መካከል እንዳስገቡ እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ጣቱን መካከል ላይ አድርጎ «ይኼ የስልክ ቦታ ነው» አለ። ትክክል ነበር። የስልክ መስመር ሁልጊዜ የሚቀመጠው በሶኬቱ መካከለኛ ሁለት እግሮች ላይ ስለሆነ አደራደሩ ያን ቦታ ለአንደኛው ጥንድ ጠብቆ ነው የተሠራው።

ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሽቦ ሲይዙ ግን ጸኑ። ጥንዶቹን ሲፈታ ከጣቱ ጥፍር በላይ አልፈታም። «ጥምዝምዙ ጌጥ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ የሚያጠፋው እሱ ነው። ብዙ ከፈታኸው ሽቦው ጆሮ ያወጣል» አለኝ። በደንቡም ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፈታት የለበትም። ቀለሞቹን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ ጫፋቸውን አስተካክሎ ቆርጦ፣ ማያያዣው ውስጥ ሰደዳቸውና በመቆንጠጫው ተጫነው። ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አበላሸሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ምንም ሳይናገር ቆርጦ መልሶ ሰጠኝ። በአራተኛው ሠራ። ኬብሉን በግድግዳው ጠርዝ፣ በበሩ ጉበን ዙሪያ እየቸነከረ እስከ ቴሌቪዥኑ ወሰደው። ዛሬም እዚያው አለ።

አሁን ወደ ኦፕሬተሯ። በኮምፒውተሩ 192.168.1.1 ብለን ገባን። የመግቢያው ቃል ከፋብሪካ የመጣው «አድሚን» ነበር። አባቴ መጀመሪያ ያስለወጠኝ እሱን ነው። ቀጥሎ ለፕሌይስቴሽኑ ቋሚ የውስጥ መስመር ሰጠነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መታወቂያ፣ ማክ አድራሻ የሚባል አለው፤ ራውተሩ ያን መታወቂያ ባየ ቁጥር 192.168.1.50ን እንዲሰጠው አዘዝነው። ይህ ካልተደረገ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፤ የከፈትነው በርም ወደ እህቴ ስልክ ይመራል። ከዚያ ከውጭ ማሽኑ በሚጠቀምባቸው፣ ፖርት በሚባሉ በሮች የሚመጣውን ሁሉ ወደ 50 አስተላልፊ አልናት። የፖርቶቹ ቁጥሮች ወረቀቷ ላይ ያሉት ናቸው። ለኤክስቦክስ ቢሆን ዋናው 3074 ነው።

ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ ዩፒኤንፒ የሚባል ነገር እንዳለም አሳየሁት። ማሽኑ ራሱ ራውተሩን «ይኼን በር ክፈትልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ለብዙ ቤት አንዲት ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል። የእኛ ሞደም ግን ተጠፍቶ ሲነሳ ይረሳው ነበር። አባቴም ሐሳቡን አልወደደውም፤ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ሳይጠየቅ በር ማስከፈት መቻሉ አሳሰበው። «ዲኤምዜድ» የሚለውን፣ በሩን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለአንድ ዕቃ የሚከፍተውን ሳሳየው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «በር ይከፈታል እንጂ ግድግዳ አይፈርስም።»

ፍተሻውን ደገምን። «ኤንኤቲ ታይፕ 2» አለ። አባቴ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከእህቴ ደብተር አንድ ወረቀት ቀደደ።

ያን ማታ ወንድሜ ግብዣ ላከ፤ በሰኮንዶች ውስጥ ተገናኘን። ከማሽኑ ጋር የመጣችውን ያንድ ጆሮ ማዳመጫ አባቴ ከእኔ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረጋትና፣ መስመር ጠግኖ ከምሰሶ ላይ ሆኖ እንደሚፈትሽ ሰው ጮክ ብሎ «ሃሎ! ሃሎ! ትሰማኛለህ?» አለ። ወንድሜ ከወዲያ «አባዬ!» ሲል እኔም ከውጭ ሰማሁት። እናቴ ከኩሽና እጇን ሳትጠርግ መጣች።

ግን አላለቀም። አሥር ደቂቃ ያህል ደህና ይሄድና ጨዋታው ድንገት ይንቀረፈፋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። በኮምፒውተሩ «ፒንግ» እያደረግሁ መዘገብኩ። ፒንግ ማለት አንዲት መልእክት ሄዳ እስክትመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ደህና ሲሆን ወደ ፍራንክፈርት 130 ሚሊሰኮንድ አካባቢ ነበር፤ ሲብስበት ከ1,000 በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ ሰኮንድ በላይ ይሆናል። ሰዓቱን ከቤቱ እንቅስቃሴ ጋር ሳስተያየው እህቴ ዘንድ አደረሰኝ። አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጸች በቴሌግራም ለተማሪዎቿ ትልካለች። የመስመራችን የመላኪያ አቅም በሰኮንድ 512 ኪሎቢት ነበር፤ አንድ 20 ሜጋባይት ቪዲዮ ሙሉውን መስመር ይዞ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ጨዋታው የሚፈልገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን የእኔ ትንንሽ መልእክቶች ከቪዲዮው ረጅም ወረፋ ጀርባ ይቆማሉ።

አባቴ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም። በማዞሪያ ጣቢያ የስልክ ጭነት የሚለካበት አሀድ ኤርላንግ ይባላል፤ ስያሜው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ የጥሪን ወረፋ በሒሳብ ካጠናውና ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1909 ካሳተመው ከዴንማርካዊው ኤርላንግ የመጣ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጂም ጌቲስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ፋይል ሲልክ መስመሩ ለሌላው ሁሉ መንቀርፈፉን አይቶ ነገሩን መረመረ። የራውተርና የሞደም ሠሪዎች መልእክት እንዳይጠፋ እያሉ ትልቅ የማቆያ ቋት ስለሚያስገቡ ወረፋው ውስጥ ለውስጥ ይረዝማል። ይህን «ባፈርብሎት» አለው፤ የቋት ማበጥ እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ወረፋውን በርዝመቱ ሳይሆን መልእክቱ በቆየበት ጊዜ የሚቆጣጠር ዘዴ አወጡ። ዛሬ አንዳንድ ራውተሮች ላይ «ኤስኪውኤም» በሚል ስም የሚገኘው የዚያ ቤተሰብ ነው።

የእኛ ሞደም ያ አልነበረውም፤ የመስመር አቅም መወሰኛ ገጽ ግን ነበረው። ዘዴው ከጠቅላላው አቅም ከ80 እስከ 90 በመቶውን ብቻ እንዲጠቀም መወሰን ነው። ያኔ ወረፋው ማየት ከማንችለው ቦታ ወጥቶ እኛ የምናዝበት ቦታ ይመጣል። ከ512ቱ 430 ብለን ወሰንን፤ ከዚያም ውስጥ ለ192.168.1.50 ቅድሚያ ሰጠን። እህቴ ቪዲዮዋ አንድ ደቂቃ ያህል ዘገየባት፤ ልዩነቱን እንኳ አላወቀችውም። ጨዋታው ከዚያ ወዲያ አልቆመም። አቅም ጥቂት ትተን ሰላም አገኘን። አባቴ ወረቀቷ ላይ የመጨረሻውን መስመር ጨመረ።

ከ130 ሚሊሰኮንድ በታች ለመውረድ ብዙ ደከምኩ፤ አልሆነም። አባቴ አንድ ማታ አሰላልኝ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ አየር 5,300 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ደርሶ መልስ ብቻውን 53 ሚሊሰኮንድ ይፈጃል። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ወደ ባሕር ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ወጥቶ፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ ነው። በየመንገዱም ብዙ ማዞሪያ አለ። «ወረፋን ታሳጥራለህ፤ ርቀትን ግን አታሳጥርም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ መታገሌን ተውኩ። ወንድሜም እኔም ቁልፉን ትንሽ ቀደም ብለን መጫን ለመድን።

የማይከፈት በርም አየሁ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታትም ቆየ። በዚያ ሐዘንና ፍርሃት በበዛበት ሰሞን ወረቀቷ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ምንም አልፈየዱም። የሚሠራው ተራው ስልክ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ጮኸ፤ አባቴ አነሣው። ወንድሜ ነበር። አባቴ ለረጅም ጊዜ አዳመጠውና «አለን፣ ሁላችንም አለን» አለው።

አባቴ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አረፈ። ወንድሜ ለቀብሩ ደረሰ። ለቅሶው ካለቀና ሰው ከሄደ በኋላ ሁለታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ወለል ላይ ተቀምጠን በዝምታ አንድ ጨዋታ ተጫወትን። ከስምንት ዓመት በኋላ ትከሻው ትከሻዬን ሲገፋኝ ኳሱ በግራ እንደሚመጣ አወቅሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ተነሥቶ ወረቀቷን በስልኩ ፎቶ አነሣት።

አሁን ቤታችን ፋይበር ገብቶልናል፤ ፍጥነቱ ከድሮው አይወዳደርም። አዲሱን ራውተር የገጠመው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል መግቢያውን ጠየቅሁት፤ ለአሮጌው መስመር ከተወሰነው ከ430 በቀር የአባቴን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስገባሁ። ቅዳሜ ማታ፣ እዚያ ከእራት በፊት፣ እዚህ ከእራት በኋላ፣ እንገናኛለን። ወንድሜ ሲያጠቃ ትንፋሹ እንደሚቆም በማዳመጫው እሰማለሁ፤ ምላሱን መንከሱን አውቃለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ሩቅ አገር ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከቁም ሣጥን ጀርባ የተረሳውን ያን ራውተር ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። የፋብሪካውን የመግቢያ ቃል ለውጡ። ሁለት ራውተር ካላችሁ አንዱን ዝም አሰኙት። በአየር የሚሄደውን በሽቦ መውሰድ ከተቻለ በሽቦ ውሰዱት። ለምትፈልጉት ዕቃ ቋሚ ቁጥር ስጡት፤ የሚያስፈልገውን በር ብቻ ክፈቱ፤ ከአቅማችሁም ጥቂት አስተርፉ። ተጨማሪ ፍጥነት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሁሉ አድርጉ። ስትጨርሱ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው የቤት ሰው ያስፈልገዋል።